ነጭ በትርና የመሪ ክርን

ፒያሳ ላይ ነጭ በትር የያዘ ሰው አስፋልት ዳር ቆም ሲል፣ አንድ ደግ እጅ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያሻግረዋል። አንዳንዱማ የበትሩን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። ልማዱ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ዓይነ ስውሩን የኔታ ደቀ መዝሙራቸው በምርኩዛቸው ጫፍ እየመራ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸው ነበር። ነጭ በትር ግን ምርኩዝ አይደለም፤ ጫፉ ከተያዘ ባለቤቱ መንገዱን የሚዳስስበት ነገር አጣ ማለት ነው።

ቀለሙ የተመረጠው ለሾፌሩ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ጄምስ ቢግስ የተባለ የብሪስቶል ፎቶ አንሺ በአደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ፣ በሰፈሩ መኪና ሲበዛበት ዱላውን ነጭ ቀባው። በትሩን ረዘምና ቀለል አድርጎ አያያዙን ያስተማረው ደግሞ አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር ነው፤ ተማሪዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ጫፉ ከትከሻ ስፋት ጥቂት አልፎ ግራና ቀኝ ይመላለሳል። ቀኝ እግር ሲራመድ በትሩ በግራ መሬት ይነካል፤ ግራው ሲራመድ በቀኝ። ስለዚህ ቀጥሎ የሚረገጠው ቦታ ሁልጊዜ አስቀድሞ ተዳስሷል። ክዳን የሌለው ቱቦ፣ የመንገድ ጠርዝ፣ ደረጃ በዚህ ይታወቃል። ከወገብ በላይ ያለውን ግን በትር አያገኘውም፤ የተከፈተ መስኮት ወይም ከሱቅ ደጃፍ የተንጠለጠለ ዕቃ ግንባር ላይ ያርፋል።

የቀረውን ጆሮ፣ አፍንጫና እግር ይሞሉታል። የጊዮርጊስ ደወል፣ የቶሞካ ቡና ሽታ፣ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ የቸርችል ቁልቁለት ሁሉም አቅጣጫ ይናገራሉ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግማሹ ይዋጣል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው መንገዱ ሲሰፋ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለበትር ተመቸ፤ በቃል የተያዘው የድሮ ምልክት ግን አብሮ ስለሄደ ሰፈሩን እንደገና መማር ግድ ሆነ።

መርዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ያሰማ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ላሻግርዎት?» አይ ከተባለ መንገዱን ይቀጥል፤ የሚያስቀይም ነገር የለውም። እሺ ከተባለ ክርኑን ያቅርብ። ተመሪው ከክርን ከፍ ብሎ ይይዝና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኖ ይከተላል፤ የመሪው ሰውነት መታጠፉንና መውረዱን ይነግረዋል። ደረጃ ጋ ቆም ብሎ «ወደ ላይ ነው» ማለት ይበቃል። «እዚያ ጋ» ማለት ለማንም አይጠቅም፤ «በስተቀኝዎ ሦስት እርምጃ» ይባል። ሲለያዩም ሳይሰናበቱ መሄድ ሰውን ከአየር ጋር እንዲያወራ መተው ነው።

የሚመሩት ሰው ወደ ችሎት የሚቸኩል ጠበቃ ሊሆን ይችላል። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝታለች። እኛ ግን ዛሬም ታክሲ ውስጥ አጃቢውን «የት ነው የሚወርዱት?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ለተሳፋሪው ይቅረብ፤ መውረጃውን የሚያውቀውም፣ ሒሳቡን የሚከፍለውም እሱ ነው።