ትንሿ ሽሪምፕና የቤተሰብ ኃላፊነት

እንስሳን በቤት ውስጥ ስለማሳደግ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ድመት፣ እርግብና ዶሮ ናቸው። ይሁን እንጂ በ20 ሊትር ውኃ ውስጥ ያለ አንዳች ድምፅ የሚኖር፣ ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ፍጥረትም አለ። እርሱም ጨው በሌለው ውኃ የሚኖረው ሽሪምፕ ነው። ልጆች «ይገዛልን» ብለው ሲጠይቁ፣ ወላጆች ከዋጋው አስቀድመው የፍጥረቱን ሐቅ ለመጠበቅ መቻላቸውን ሊያስቡበት ይገባል። የሚጠይቀውም ነገር ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

በየቤቱ ከሚያድጉት ዝርያዎች ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው «አማኖ ሽሪምፕ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺና የውኃ ውስጥ አትክልት ባለሙያ ከታካሺ አማኖ (1954–2015 እ.ኤ.አ.) ነው። እኚህ ሰው ሽሪምፑን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በገንዳቸው ያለውን አልጌ እንዲያጸዳላቸው ተጠቅመውበት ለዓለም አስተዋወቁት። ነገር ግን እጮቹ ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ካላገኙ ስለማያድጉ በቤት ውስጥ ማራባቱ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው «ቼሪ ሽሪምፕ» ነው። የትውልድ አገሩ ምሥራቅ እስያ ሲሆን የተፈጥሮ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል። ዛሬ የምናየው ደማቅ ቀይ ቀለም አርቢዎች ቀላ ያሉትን ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ በማራባት ያገኙት ነው። ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ዓመት ይደርሳል። ለጀማሪ ቤተሰብ የሚስማማው ይኸኛው ነው።

ውኃው አስቀድሞ ይሰናዳ

አብዛኛው ጀማሪ ገንዳውንና ሽሪምፑን በአንድ ቀን ገዝቶ ይመጣል። በጥቂት ቀናት ውስጥም ሽሪምፖቹ ይሞቱበታል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ከእንስሳቱ እዳሪና ከምግብ ትርፍ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይወጣል። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎቹ በበቂ ሁኔታ ለመራባት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

ስለዚህ ጠጠሩ፣ ተክሉና ማጣሪያው ገብተው፣ ለባክቴሪያዎቹ መነሻ የሚሆን ቁንጥር የዓሣ ምግብ ተጨምሮ ገንዳው ያለ ሽሪምፕ ይቆይ። ከተቻለም አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ መሆኑ በመመርመሪያ ይረጋገጥ። ከማጣሪያዎች በአየር የሚሠራው የስፖንጅ ማጣሪያ ተመራጭ ነው፤ ጫጩቶቹን ስቦ አያስገባም።

የቧንቧ ውኃን በተመለከተ፣ ክሎሪኑ እንዲተን አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍቱን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማሳደር ይጠቅማል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች እንደሚደረገው ውኃው በክሎራሚን የሚታከም ከሆነ ግን ማሳደሩ ብቻ ስለማይበቃ ለዚሁ የተሠራ ማከሚያ መጨመር ያስፈልጋል። የውኃው ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። በየሳምንቱም ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ቀስ አድርጎ መለወጥ በቂ ነው።

ከቤታችን የሚመጣ አደጋ

ፍሊት ለሽሪምፕ እጅግ አደገኛ ነው። ትንኝን የሚገድለው መድኃኒት ሽሪምፕንም ይገድላል። ስለሆነም ገንዳው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ። መዳብ ያለባቸው የዓሣ መድኃኒቶችም እንዲሁ ይገድሉታል። ሳሙና ወይም ሽቶ የነካው እጅ ገንዳው ውስጥ አይግባ።

ምግቡ በአብዛኛው በገንዳው ውስጥ የሚበቅለው አልጌ ነው። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ በደንብ የታጠበና ትንሽ የተቀቀለ ቆስጣ ቢጨመርለት ይበላል። ትርፉ ሳይበሰብስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከገንዳው ውኃ በኩባያ እየቀዱ ቀስ ብሎ መልሶ ማፍሰስ አየር እንዲያገኝ ይረዳል።

ልጆች የሚማሩበት

ሽሪምፕ እያደገ ሲሄድ ጠባብ የሆነበትን ቅርፊት አውልቆ ይጥላል። ልጆች ባዶውን ቅርፊት አይተው «ሞተብን» ብለው ሊደነግጡ ይችላሉ። ቅርፊቱን ግን ማውጣት አያስፈልግም፤ ሽሪምፖቹ ራሳቸው በልተው በውስጡ ያለውን ማዕድን መልሰው ይጠቀሙበታል። እንስቷ ለመውለድ ስትደርስ ከጀርባዋ ላይ ኮርቻ የሚመስል ቢጫ ምልክት ይታያል። ከዚያም ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ እንቁላሎችን ከሆዷ ሥር ይዛ ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ያህል በእግሮቿ እያራገበች ትጠብቃቸዋለች። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ትልቁን ሽሪምፕ ይመስላሉ፤ ርዝመታቸው ግን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሲበዙስ?

ሽሪምፖቹ ሲበዙ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ ርኅራኄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከባድ ጥፋት ነው። ቼሪ ሽሪምፕ በጀርመንና በፖላንድ ሞቅ ያለ ውኃ ባለባቸው ቦታዎች ተለቅቆ ተራብቷል። እኛም በእምቦጭ ያየነውን አንርሳ። ይህ የደቡብ አሜሪካ ተክል በአበባው ውበት ምክንያት በሰው እጅ ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጨ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ሐይቅ ላይ ከታየ ወዲህም ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን አስመርሯል። ስለዚህ የበዛውን ሽሪምፕ ማሳደግ ለሚችል ዘመድ ወይም ጎረቤት መስጠት ይሻላል።

ለመጀመር 10 ሽሪምፕ ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ምግብ የሚሰጠው፣ ውኃ የሚለውጠው፣ ቤተሰቡ ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ሲሄድም የሚጠብቃቸው ማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ ወስኑ። በእጃችን የገባ ፍጥረት አማና ነውና።