የወንዝ ውኃ በየወቅቱ መልኩን ስለ ምን ይለውጣል?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዓባይን በነሐሴ ወር ከድልድይ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው የሚያየው አፈር የተሸከመ ድፍርስ ውኃ ነው። ያንኑ ወንዝ በኅዳር ቢጎበኘው ጠርቶ ያገኘዋል፤ ውኃው ታቁሮ በሚሰነብትበት ስፍራም አረንጓዴ መልክ ሲይዝ ሊያይ ይችላል። ይህ አረንጓዴነት ሕይወት ካላቸው ፍጥረታት የሚመጣ ነው። ሊቃውንት ፊቶፕላንክተን ብለው ይጠሯቸዋል።

ፊቶፕላንክተን ማለት በውኃ ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚኖሩ፥ አብዛኞቹም ያለ ማይክሮስኮፕ ለዐይን የማይገለጡ ፍጥረታት ናቸው። ሥር የላቸውም፤ ወንዙ ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ። ነገር ግን እንደ ማሳ እህል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። እነርሱን ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ይመገቧቸዋል፤ እነዚያን ደግሞ ዓሣ ይመገባቸዋል። ስለዚህ ለዓሣ አጥማጅ እነዚህ ፍጥረታት የውኃ ውስጥ ግጦሽ ናቸው ማለት ይቻላል።

ለእድገታቸው ምግብ፣ ብርሃን፣ ሙቀትና ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ምግባቸው በውኃው ውስጥ የሟሟ ፎስፎረስና ናይትሮጅን ነው፤ ዳያቶም የተባሉት ወገኖች በተጨማሪ ለቅርፊታቸው ሲሊካ ይሻሉ። እንግዲህ ጎርፉ ከደጋው አፈር ጠርጎ ይህን ሁሉ ካመጣ፥ በክረምት እጅግ ሊበዙ ይገባ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ምግቡን ያመጣው አፈር ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። የውኃውም ፍጥነት ጊዜ ይነሣቸዋል። ሲመቻቸው በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ እጥፍ የሚሆኑ ቢኖሩም፥ ከዚያ በፊት ጎርፉ ጠርጎ ከወሰዳቸው ሊበዙ አይችሉም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ዓባይ ራሱ ነው። ጃክ ታሊንግና ዩልያን ርዞስካ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሱዳን አገር የዓባይን ውኃ መርምረው ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 አሳትመዋል። በጎርፉ ወራት ፊቶፕላንክተን በውኃው ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። የጎርፉ ኃይል ካለፈ በኋላ ግን በ1925 የተፈጸመው የስናር ግድብ ውኃውን ሲያቁር ደለሉ ይዘቅጣል፥ ብርሃን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፥ ውኃውም ይሰነብታል። በዚያን ጊዜ ሜሎሲራ የተባለው ዳያቶምና አናቤና የተባለው የሳያኖባክቴሪያ ወገን ይበረክታሉ። የሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ መጥቶ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል።

በቀዝቃዛ አገር ደግሞ ሙቀትም ድርሻ አለው። በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ወንዝ ፊቶፕላንክተን የሚበዛው በጸደይ፥ የውኃው ሙቀት ከ9 እስከ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለበት፥ ፍሰቱ በቀነሰበትና ፀሐይ በበረታችበት ጊዜ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር፥ ወንዝን የሚገድብ ሰው ለእነዚህ ፍጥረታት ብርሃንና ጊዜ የሚሰጣቸው መሆኑን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ለመያዝ ይችላል፤ ይህም በዚያ ስፍራ በአማካይ በዓመት ከሚያልፈው የዓባይ ውኃ ይበልጣል። እንግዲህ ቀድሞ በጎርፍ ይነጉድ የነበረው ውኃ ዛሬ በሐይቅ ውስጥ ይሰነብታል። ይህ ለዓሣ ሀብት መልካም ተስፋ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄን ይጠይቃል። በአዋሽ ወንዝ ላይ በተሠራው የቆቃ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ በብዛት ሲያድር ታይቷል። ይህ ወገን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል፤ መርዙም ውኃውን በማፍላት አይጠፋም።

ስለዚህ በውኃ፣ በእርሻና በጤና ጉዳይ የተሰማራችሁ ሠራተኞች ሁሉ፥ ሥራችሁ በዚህ አንድ ነገር ላይ ይገናኛል። በተራራው ላይ እርከን መሥራት፥ ማዳበሪያን በልክ መጠቀም፥ የከተማንም ቆሻሻ ሳይጣራ ወደ ወንዝ አለመልቀቅ ለሐይቁ የሚደርሰውን ትርፍ ምግብ ይቀንሳል። የውኃውንም መልክ በየወሩ መርምሮ መመዝገብ አደጋው ሳይደርስ ለማወቅ ይረዳል። ሕዝቡም አረንጓዴ አረፋ ወይም ስስ ሽፋን የያዘ ውኃ ካየ እንዳይጠጣው፥ ከብቱንም እንዳያጠጣ ልንመክረው ይገባል።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ንግግር በዚህ ተፈጸመ።