ከ«እሺ» በፊት፦ በማሪዋና ምክንያት የሚመጣ የመንዳት ክስ በአሜሪካ

ከሬገን ናሽናል ኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚነዳ የኛ ሰው፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ አራት ዓይነት ሕግ ያቋርጣል። ኤርፖርቱ ያለው ቨርጂኒያ ነው። ወጣ ሲል የሚገባበት የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ የፌዴራል መንግሥት ይዞታ ነው፤ የሚጠብቀውም የፓርክ ፖሊስ ነው። ድልድዩን ሲሻገር ዲሲ፣ ከዚያ ወዲያ ሜሪላንድ ይቀበለዋል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሲ ከ2015፣ ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሕጉ የፈቀደውን ያህል ማሪዋና ቢይዝ አይከሰስም። ያንኑ ይዞ ፓርክዌዩ ላይ ቢገኝ ግን አሌክሳንድሪያ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያስቆመው የሚችል ወንጀል ነው።

በአራቱም ቦታ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። ማሪዋና ወስዶ፣ አእምሮና እጅ እግር በቅጡ በማይታዘዙበት ሁኔታ መንዳት በሁሉም ዘንድ ያስከስሳል። «ሕጋዊ ሆኗል እኮ!» የሚለው መልስ አያድንም፤ ቢራም ሕጋዊ ነው። በሐኪም ትእዛዝ የተገኘ ካርድም ለመንዳት ፈቃድ አይሆንም።

ሕጉ እንዲህ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሪዋና ውስጥ ያለው የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ ሰው ድንገት ለሚገጥመው ነገር መልስ የሚሰጥበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ መስመር ጠብቆ መንዳትን፣ ሁለት ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ መከታተልን ያውካል። መጠጥ ሲታከልበት ይብሳል። በከረሜላና በኬክ መልክ የሚበላው ደግሞ በተለይ ያታልላል። የተጨሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰማ፣ የተበላው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። «ምንም አላደረገኝም» ብሎ መኪና ያስነሳ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ የምጽፈው ወስዶ ለመንዳት ብልሃት እንዲሆን አይደለም። ወስዶ መንዳት የሰው ሕይወት ያጠፋል። ግን የተከሰሰ ሰው፣ ያጠፋም ያላጠፋም፣ መብቱን ካላወቀ የሚከፍለው ዋጋ ከጥፋቱ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። በተለይ ዜጋ ካልሆነ።

እንበል አንድ ወጣት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው ጎዳና ላይ ሲፈጥን ፖሊስ አስቆመው። መስኮቱን ሲያወርድ ሽታው ወጣ። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ዛሬ የማሪዋና ሽታ ብቻውን መኪና ለመፈተሽ በቂ ምክንያት አይደለም። ከቀላ ዓይንና ከተንቀረፈፈ ንግግር ጋር ሲደመር ግን ፖሊሱ መጠየቅ ይጀምራል። «ዛሬ ማታ አጭሰሃል?» ልጁ ደንግጧል፤ አንገቱን ነቅነቅ እያደረገ «እሺ፣ እሺ፣ የስ ሰር» ይላል።

እኛ ዘንድ «እሺ» ማለት «ሰምቻለሁ፣ አከብርሃለሁ» ማለት ነው። ደረቱ ላይ ካሜራ ላንጠለጠለው ፖሊስ ግን ያ የራስ ነቅነቅ ማመን ነው፤ ከወራት በኋላ ዳኛ ፊት በቪዲዮ ይታያል። መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ወረቀት ማሳየት ግዴታ ነው። ምን እንደወሰዱ፣ መቼ እንደወሰዱ፣ ከየት እንደመጡ መናገር ግን ግዴታ አይደለም። ድምፅን ከፍ ሳያደርጉ፣ እጅን መሪው ላይ አድርጎ፣ «ያለ ጠበቃ ጥያቄ ባልመልስ እመርጣለሁ» ማለት መብት ነው። መዋሸት መብት አይደለም። ዝምታና ውሸት የተለያዩ ናቸው።

ቀጥሎ ከመኪናው ያስወርዱታል። እስክሪብቶ ፊቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ዓይኑን ያያሉ። ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ ዘጠኝ እርምጃ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ፣ ዞሮ ዘጠኝ እንዲመለስ ያዙታል። ከዚያ አንድ እግሩን አንሥቶ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። እነዚህ ሦስት ፈተናዎች የተሠሩት ለመጠጥ ነው። በመጀመሪያው ፈተና የሚፈለገውን የዓይን መርበትበት ማሪዋና አያመጣም። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ይህን አይቶ፣ በማሪዋና ጉዳይ ፖሊሱ ያየውን ይናገር እንጂ «ፈተናውን ወድቋል» ብሎ አይመስክር ሲል ወስኗል። ውሳኔው ሌሎች ግዛቶችን አያስገድድም፤ ጥሩ ጠበቃ ግን የትም ቢሆን የሚያነሣቸውን ጥያቄዎች ያመለክታል። ትእዛዙ በፈጣን እንግሊዝኛ ሲነገር ልጁ ገብቶት ነበር? ጉልበቱን ያመዋል? አስፋልቱ ዘቅዛቃ ነበር? በብዙ ግዛቶች ይህን የመንገድ ዳር ፈተና አልሠራም ማለት በራሱ አያስቀጣም።

ከታሰሩ በኋላ የሚመጣው የደም ምርመራ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ፖሊስ ደም ለመቅዳት በመሠረቱ የዳኛ ትእዛዝ እንደሚያስፈልገው፣ ያለ ትእዛዝ የተጠየቀን ደም አልሰጥም ያለ ሰውም በወንጀል ሊቀጣ እንደማይችል ወስኗል። መንጃ ፈቃድን መንጠቅ ግን ይቻላል። በቨርጂኒያ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ሰው፣ በዋናው ክስ ነፃ ቢወጣ እንኳ፣ ለአንድ ዓመት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ዳኛው ትእዛዝ ከሰጠ ደግሞ መከልከል አይቻልም።

ደሙ ምን ይናገራል? ለመጠጥ በደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል የሚለው ቁጥር አለ። ለማሪዋና ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 5 ናኖግራም ቲኤችሲ ብለው ወስነዋል። ዋሽንግተን ላይ ቁጥሩ ከተገኘ ብቻውን ያስፈርዳል፤ ኮሎራዶ ላይ ግን ተከሳሹ «ቁጥሩ ቢኖርም ደህና ነበርኩ» ብሎ መከራከር ይችላል። ቨርጂኒያ ለማሪዋና ምንም ቁጥር የላትም፤ ዐቃቤ ሕጉ ሰውየው መንዳት እንደተሳነው በአነዳዱና በሁኔታው ማስረዳት አለበት። እኔ የቁጥሩ ሕግ አይዋጥልኝም። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ራሱ በ2017 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ በደም ውስጥ ያለው የቲኤችሲ መጠን ሰውየው ምን ያህል እንደደነዘዘ በአስተማማኝ እንደማያሳይ ገልጿል። አንድ ጊዜ ያጨሰ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ በሰዓታት ይወርዳል፤ አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ግን ቀናት ካለፉ በኋላም ሊገኝ ይችላል። የሽንት ምርመራማ ሳምንታት ያለፈውን ሊያወጣ ይችላል፤ ሰውየው ሲነዳ ምን ላይ እንደነበር ግን አይናገርም። ስለዚህ «ደሜ ውስጥ ተገኝቷል፣ አለቀልኝ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ያደግንበት ባህል ጥፋትን አምኖ ምሕረት መለመንን ያስተምራል፤ ዳኛ ፊት ዝቅ ብሎ «አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» ማለት ጨዋነት ነው። እዚህ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው ቃል የይቅርታ ልመና ሳይሆን ክርክሩን የሚዘጋ ፍርድ ነው። በቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደበት ሰው እስከ 12 ወር እስር፣ ከ250 እስከ 2,500 ዶላር ቅጣትና የአንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ እገዳ ይጠብቀዋል። ክሱን መጀመሪያ የሚያየው የወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርዱ ካልተስማማ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ከተባለ ጉዳዩ በላይኛው ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታያል። 11ኛው ቀን ላይ በሩ ዝግ ነው። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው መታሰር በሚያስከትል ክስ ጠበቃ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል። አስተርጓሚም ፍርድ ቤቱ ያቀርባል። የአጎት ልጅ አያስተርጉም፤ እንግሊዝኛ ቢችልም የሕግ ቋንቋ ሌላ ነው።

ዜጋ ላልሆነ ሰው ትልቁ አደጋ ገንዘቡም እስሩም አይደለም። በሆንዱራስ የተወለደ፣ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ አሜሪካ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለዚህች አገር የተዋጋ ሆሴ ፓዲያ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ኬንታኪ ውስጥ መኪናው ላይ ብዙ ማሪዋና ተገኝቶ ተከሰሰ። ጠበቃው «ይህን ያህል ዘመን የኖርክ ሰው ስለ ኢሚግሬሽን አትጨነቅ» አለው። አመነው፤ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ያ ቃል ከአገር የሚያስባርረው ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ለፓዲያ ፈርዶ፣ ተከላካይ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የእምነት ቃሉ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ ለጠበቃዎ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ያስከፍለኛል?» ሳይሆን «በግሪን ካርዴ ላይ ምን ያመጣል?» ይሁን። ጠበቃው ካላወቀ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ምክንያቱም ግዛቱ የፈቀደውን የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አይፈቅድም። በዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊባረር ይችላል፤ ልዩ የሆነው ለራሱ የያዘው 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና ሆኖ፣ ያም አንዴ ብቻ ከሆነ ነው። ያ እንኳ ከአገር ወጥቶ ሲመለስ ደለስ ኤርፖርት ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመንዳቱ ክስ ጎን የተደረበችው ትንሿ የመያዝ ክስ ከዋናው ልትብስ ትችላለች። ዜግነት ለመጠየቅ በሚታዩት ዓመታት ውስጥ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ በመንዳት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ሰው፣ ከ2019 ጀምሮ መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል። ሳይፈረድበትም ለኢሚግሬሽን ሠራተኛ «አጨሳለሁ» ማለቱ ብቻ ሊጎዳው ይችላል።

ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያላችሁ የጭነት መኪና ሾፌሮች ደግሞ ይህን ያዙ፦ ክሱ በራሳችሁ መኪና፣ በእረፍት ቀናችሁ ቢመጣም፣ ከተፈረደባችሁ ሲዲኤሉ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዕድሜ ልክ ነው። የሥራው የዕፅ ምርመራም የፌዴራል ስለሆነ ግዛታችሁ መፍቀዱን አይጠይቅም።

የመጨረሻው ቃሌ ለቤተሰብ ነው። ከእስር ቤት የሚደወል ስልክ ይቀዳል፤ በአማርኛ ቢሆንም ይተረጎማል። ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ በሌሊት ሲደውል «ምን አጭሰህ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። የት እንደታሰረና ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን ብቻ ጠይቁት፤ ከዚያ ስልኩን ዝጉና ጠበቃ ፈልጉለት።