በድምፁ ሲሪንቃ የደረሰው ተዋናይ፦ ወጋየሁ ንጋቱ

የአዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር ከሲሪንቃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በወልድያና በመርሳ መካከል ባለችው ሲሪንቃ ለሚኖር ገበሬ መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ ማየት የማይታሰብ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱን ግን መልኩን ሳያዩ ያወቁት ብዙ ናቸው። ያስተዋወቃቸው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ነው፤ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ።

ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ትወናን በሀንጋሪ ተምሮ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ላይ ተጫውቷል። ጓደኛው ደበበ እሸቱም ከመድረክ ተነሥቶ ወደ ፊልም ዘለቀ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ባዘጋጀው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ታየ።

ወጋየሁን በሕዝብ ልብ ውስጥ ያስቀመጠው ግን ድምፁ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የሚያነበው ፊደል የቆጠረው ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው የገጠር ሰው ፊደል አልቆጠረም። ትረካው መጽሐፉን ለማያነብ ሰው አደረሰው። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ የባላባቱ ትዕቢት፣ የጭሰኛው ምሬትና በዘር ሐረግ የተከለከለው ፍቅር ግን የወሎ ሰውም በሚገባ የሚያውቃቸው ነበሩ።

የወጋየሁ ችሎታ በንጽጽር ይበልጥ ይታያል። በብሪታንያ አንዳንድ ተዋንያን የሚታወቁት መልከ መልካሙን ጀግና ሆነው በመጫወት አይደለም፤ ሽማግሌውን፣ ጨካኙን፣ ግራ የገባውን ሰው አምነን እንድንቀበል በማድረግ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አሌክ ጊነስ በ1949 እ.ኤ.አ. በአንድ ፊልም ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ስምንት ሰዎችን ሆኖ ተጫውቷል። ለእርሱ ግን ልብስ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርና የፊት ቅብ ነበረለት። ለወጋየሁ የነበረው ጉሮሮው ብቻ ነው። በልብ ወለዱ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ቁጣው የሳቸው ነው፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ነገሩ የገባው ሰው ብቸኝነት ይሰማል፤ የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌል ስትናገር ደግሞ የሴት ድምፅ በማስመሰል አያላግጥባትም፣ ሐዘኗን ብቻ ያሰማናል። ለእኔ የትወናው ትልቁ ነገር ይኸኛው ነው። ድምፅ መቀያየር ብዙ ሰው ይችላል፤ አንዱንም ገጸ ባሕርይ ሳይንቁ ሁሉንም መሆን ግን የጥቂቶች ነው። ፊታውራሪን እንኳ መሳቂያ ብቻ አላደረጋቸውም፤ ከትዕቢታቸው ሥር ያለውን የሽማግሌ ፍርሃት እንድንሰማ ትቶልናል።

ሌላው ችሎታው ዝምታን ማወቁ ነው። ሐዲስ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፉ ነበር። ወጋየሁ ትንፋሹ የት እንደሚቆም ያውቅ ስለነበር፣ መጽሐፉን በዓይናቸው ያነበቡት ሳይቀሩ ዛሬም ገጹን ሲገልጡ የሚሰሙት የእርሱን ድምፅ ነው።

ትረካው አሁን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ይደመጣል። በወልድያና በመርሳ ቴአትር የምትሞክሩ ወጣቶች ከጎዳና ጫጫታ ርቃችሁ አንድ ምዕራፍ ስሙት፤ ከዚያ ያንኑ ምዕራፍ ራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የሬዲዮ ጣቢያውም ትረካውን በጠራ ድምፅ አሳትሞ ለትምህርት ቤቶች ቢሰጥልን።