ፔዳሉ የማያርፍ ብስክሌት

በተለመደው ብስክሌት ቁልቁለት ሲመጣ እግር ያርፋል። ፔዳሉ ቀጥ ይላል፣ ጎማው ግን መሽከርከሩን አይተውም፤ ከኋላ በኩል «ክርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ዕረፍት የሚሰጠው በኋላው ማርሽ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ወደ ፊት ሲረገጥ የሚይዝና እግር ሲቆም የሚለቅ ትንሽ ብረት ነው። ቋሚ ማርሽ ብስክሌት ይህ ብረት የለውም። ማርሹ ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ ስለሚታሰር ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። ፔዳሉን ሲታገሉት ጎማው ይዘገያል፤ ወደ ኋላ ሲረግጡት ብስክሌቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹ ባለ ፔዳል ብስክሌቶች እንዲህ ነበሩ። በቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መለወጫ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ ዳገቱ ሥር ወርደው፣ የኋላውን ጎማ ፈትተው፣ ገልብጠው በሌላኛው ወገን ባለው ማርሽ ይቀጥሉ ነበር። በቬሎድሮም፣ ማለትም ለብስክሌት በተሠራ ዙሪያ ሜዳ፣ በሚደረግ ውድድር ዛሬም ማርሹ ቋሚ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገርም የለም። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የሄደው በእንዲህ ያለ ብስክሌት ሲሆን፣ ለሙከራው ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ነጂውን ፊት ለፊት የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። የእኛዋ ጎንደርም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅማ ከዚህም እጅግ ትበልጣለች።

ኢትዮጵያ ነጂ አጥታ አታውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿም ሄደው በመንገድ የቡድን ውድድር 9ኛ ወጥተዋል። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ወጣቱ ብስክሌት መንዳትን ቢለምድም ብስክሌት መሥራትን የሚለምድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ለዚህ ደግሞ ቋሚ ማርሽን የመሰለ አስተማሪ አላውቅም። የማርሽ ገመድ የለው፣ መለወጫ የለው፣ ብዙ ጥርስ የተደራረበበት ማርሽ የለው። መለዋወጫ በማይገኝበት ትንሽ ከተማ ለተቀመጠ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቴላዮው፣ ማለትም ከዋናው የብረት አካል ነው። ውድ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። የቻይናው ፎኒክስ ወይም የህንዱ ሂሮ ዓይነት አሮጌ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ይበቃል፤ ጎንደር ውስጥ ቢጠፋ እንኳ ብስክሌት በበዛባት ባሕር ዳር መጠየቅ ይቻላል። ዋናው መታየት ያለበት የኋላው ጎማ አክሰል የሚገባበት ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ አግድም ከሆነ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተቱ ሰንሰለቱን ማጥበቅ ይቻላል። እንደ ብዙዎቹ የአሁን ማውንቴን ብስክሌቶች ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ግን ለጀማሪ አይሆንም፤ ሰንሰለቱን የሚወጥርበት መንገድ አይኖረውም። ከዚያ ቱቦዎቹ በሚጋጠሙባቸው ቦታዎች ስንጥቅና የውስጥ ዝገት መኖሩን በደንብ መፈተሽ ነው። ከዚህ በፊት የተበየደ ቴላዮ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ከሁሉም የሚከብደው የኋላው ሞዞ፣ ማለትም የጎማው እምብርት ነው። የቋሚ ማርሽ ሞዞ በአንድ ወገኑ ሁለት ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) አለው። ሰፊው ማርሹ የሚጠመዘዝበት ሲሆን ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጠበብ ያለው ፊሌቶ ደግሞ ማርሹን የሚቆልፈው ቀለበት የሚገባበት ነው፤ እሱ የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጂው ለመዘግየት ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲጫን ማርሹ ሊፈታ ይሞክራል፤ ቀለበቱ ግን በተቃራኒው የተጠመዘዘ በመሆኑ ማርሹ በገፋው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። የአሮጌ ብስክሌት ሞዞ ይህ ሁለተኛው ፊሌቶ የለውም።

ፈተናውም እዚህ ላይ ይመጣል። ብየዳ ቤት በየመንገዱ አለ፤ የተለመደውን ማርሽ ሆዱን አስበይዶ ቋሚ ማድረግ በጣም ቀላል ይመስላል። በእርግጥም ሲረግጡት ይሄዳል። ነገር ግን ቁልቁለት ላይ በኃይል ወደ ኋላ ሲጫኑት የተበየደው ማርሽ እንዳለ ከሞዞው ሊፈታ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት የሚያቆም ነገር አይኖርም። በዚህ ነገር አልደራደርም፤ ባለ ሁለት ፊሌቶ ሞዞ እስኪገኝ መታገስ ይሻላል።

ሞዞው ሲገኝ ቀዳዳ መቁጠር ይከተላል። ብዙዎቹ የህንድ ብስክሌቶች የኋላ ቸርኬ 40 የሽቦ ቀዳዳ አለው፤ የቋሚ ማርሽ ሞዞ ግን አብዛኛውን ጊዜ 32 ወይም 36 ነው። ስለዚህ ቸርኬውም በሞዞው ልክ መቀየሩ አይቀርም። የሞዞው ስፋት በተለመደው ልክ 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቴላዮው ከዚህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሰፋ በሮንዴላ ይስተካከላል። ሽቦ መወጠሩን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ልምድ ካለው ብስክሌት ጠጋኝ አጠገብ ተቀምጣችሁ ተማሩ።

ቀጥሎ የፊቱና የኋላው ማርሽ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ከቴላዮው መሐል እስከ ፊቱ ማርሽ ጥርስ፣ ከሞዞው መሐል እስከ ኋላው ማርሽ ጥርስ በማስመሪያ ለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። ከአንድና ሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛነፈ ሰንሰለቱ ይጮሃል፣ ውሎ አድሮም ይወልቃል። በቋሚ ማርሽ ላይ የወለቀ ሰንሰለት ጎማውን ቆልፎ ነጂውን ሊጥል ይችላል። ውጥረቱንም እንዲሁ አስተካክሉ፤ መሐሉን በጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢንቀሳቀስ ጥሩ ነው።

የጥርስ ቁጥር ምርጫ ስሌት ይፈልጋል። ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 2.44 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን በአንድ ዙር ወደ 5.1 ሜትር ይኬዳል። በደቂቃ 80 ዙር የሚረግጥ ሰው በሰዓት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። መርክስ በአንድ ዙር 8 ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር፤ እሱ ግን ዳገት አልነበረበትም። ለጎንደር ሽቅብና ቁልቁል ከ44 በ18 ባይበልጥ እመክራለሁ፤ ኋላውን 20 ማድረግም አያሳፍርም።

አሁን ይህንኑ ስሌት ወደ ሊማሊሞ እንውሰደው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረበውን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት፣ በ44 በ18 ከሆነ፣ ፔዳሉ በደቂቃ 160 ጊዜ ያህል ይዞራል። የሠለጠነ እግር እንኳ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችለውም። እግር ከፔዳሉ ካመለጠ ደግሞ መልሶ መያዝ የለም፤ ከጎን ያለው ገደል ነው። ስለዚህ ሊማሊሞን በቋሚ ማርሽ አትውረዱት። የድብ ባሕር ልጅ ቢሠራው በመንደሩ ደልዳላ ቦታ ይለማመድበት፤ ጎንደር ያለው ወደ አዘዞ ወጣ ብሎ ይሞክር። ለቋሚ ማርሽ የተፈጠረ የሚመስለው ግን ከቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው የደምቢያ ሜዳ ነው።

የቬሎድሮም ብስክሌት ፍሬን የለውም ተብሎ መንገድ ላይ ያለ ፍሬን መውጣት ድፍረት አይባልም። ፔዳል መታገል የሚያዘገየው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው፤ ስንቆም ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በደንብ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። በእኛ አገር መንገድ፣ ፍየሉም አህያውም ባጃጁም በሚያልፍበት፣ ሁለቱም ይኑሩ።

የሱሪ ጫፍ፣ የጫማ ክር፣ የነጠላ ዘርፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ ብስክሌቱ አይለቅም፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሰብስባችሁ እሰሩ። ጎማው እየዞረ ሰንሰለት በጨርቅ መጥረግ ደግሞ ጣት ያስቆርጣል። ትንንሽ ልጆች በአጠገቡ ካሉ ብስክሌቱን ገልብጦ ማሽከርከርም አይገባም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ከጫማና ከስልክ ይልቅ አንድ ጊዜ ይህን ጠይቁ፦ ባለ 36 ቀዳዳ የቋሚ ማርሽ የኋላ ሞዞ፣ ባለ 18 ወይም 20 ጥርስ ማርሽና የግራ ፊሌቶ ያለው ቁልፍ ቀለበት። ሦስቱም ከሻንጣ ጥግ የሚገቡ ናቸው። አንድ ላይ እንዲገዙ አደራ በሉ፤ ቀለበቱ ከሞዞው ጋር የማይገጥም ከሆነ ማርሹ አይታመንም።