የፀጉር ቀለም አለርጂ በአንድ ፎቶ አይታወቅም

ክንድን በስልክ ፎቶ አንስቶ የፀጉር ቀለም ይስማማ አይስማማ እንደሆነ በደቂቃ ማወቅ ይቻላል የሚሉ አሉ። ፈጽሞ አይቻልም። ይህን አምና የተቀባች ሴት ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሊከደን ይችላል።

ትክክለኛው ምርመራ ፓች ቴስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 ዮዜፍ ያዳሶን ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። የተጠረጠሩት ኬሚካሎች ጀርባ ላይ ተለጥፈው በ48 ሰዓት ይነሳሉ፤ ያኔ አንዴ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ጊዜ ይነበባሉ። መዘግየቱ ከሰውነት ነው። በፀጉር ቀለምና በጥቁር ሂና ውስጥ የሚገኘው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ቀድሞ የሚያውቁት የሰውነት መከላከያ ቲ-ሴሎች ቦታው ላይ ተሰብስበው ቆዳውን እስኪያስቆጡ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃሉ። ዛሬ የተቦካ ሊጥ ፎቶ ስላነሱት ኩፍ አይልም።

የምስል ጥቅሙ ከዚህ በኋላ፣ በንባቡ ላይ ነው። ሐኪም ከሚፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ ቅላት ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይደበቃል። የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒን ከደም ሥሮቹ በላይ ስለተቀመጠ ብርሃኑን ሲገባም ሲመለስም ይውጠዋል። ይሁን እንጂ ሜላኒንና የደሙ ሄሞግሎቢን ብርሃን የሚውጡበት መንገድ ይለያያል። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን በ540 እና በ577 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አብልጦ ይውጣል፤ ሜላኒን ግን የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር መዋጡን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስለዚህ በብዙ የሞገድ ርዝመቶች የሚያነሳ ካሜራ የደሙን ድርሻ ከሜላኒኑ ነጥሎ ማስላት ይችላል።

የደም መብዛት ብቻውን ግን አለርጂ አይደለም። ኬሚካሉ ቆዳውን እንዲሁ ቢያቃጥለውም ደም ይጎርፋል። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ቆዳ ሳይቆረጥ ሴሎቹን ያሳያል፤ በአለርጂ በሴሎች መካከል ፈሳሽ ይቋጠራል፣ በቃጠሎ የላይኛው ሽፋን ይበላሻል። እነዚህም ምልክቶች አንዳንዴ ይደራረባሉ፤ መሣሪያውም የሚያየው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው። ምላሹ እውነተኛ አለርጂ ሆኖ እንኳ የሕመሙ መንስኤ እሱ መሆኑ ከታማሚው ታሪክ ጋር መመሳከር አለበት።

ምስል እነዚህ ገደቦች ስላሉበት ነው የሐኪም ጣት የማይተካው። መብራቱን ከጎን አብርተው ቦታውን ሲዳስሱት፣ ዓይን ያላየው ጠጠር ያለ እብጠትና ችፍታ እጅ ላይ ይመጣል። ጥቁር ቆዳ ያለው ታማሚ ጀርባው ሳይዳሰስ፣ አንዴ ብቻ ታይቶ «ምንም የለብህም» ከተባለ ሁለተኛ ንባብ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው።