ጭቃው ይድረቅ

በፎገራ ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ሜዳ ላይ አይቀርም። ከሩዝ ማሳው በእግር፣ ከወረታ ገበያ በጫማ፣ ከበረት በልጆች ልብስ ተጎትቶ ምንጣፍ ላይ ይደርሳል። ይህን ሲያይ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ እርጥብ ጨርቅ ያነሣና መፈተግ ይጀምራል። ምንጣፉን ግን ከጭቃው ይልቅ የሚጎዳው ይህ ችኮላ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ማሳውን ማየት ይበቃል። የፎገራ ዋልካ ዝናብ ሲያገኝ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ተኮማትሮ ይሰነጣጠቃል። ምንጣፍ ላይ ያለውም ያው አፈር ነው። እርጥብ ሳለ ሲፈተግ ደቃቁ ሸክላ በክሮቹ መካከል ይሰገሰጋል፣ ከዚያ በኋላ በአንድ እጥበት አይወጣም። ሲደርቅ ግን እንደ ማሳው ይሰነጠቅና ክሩን ይለቃል። ስለዚህ ወፈር ያለውን በማንኪያ ጠርዝ አንሡለትና የቀረውን ተዉት፣ ይድረቅ። ከዚያ ምንጣፉን ገልብጣችሁ ከጀርባው በዱላ ምቱት፣ አራግፉት፣ ጥረጉት። የሚተርፈውን ጥቂት እድፍ በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ ያነሣዋል።

ምንጣፍን ሙሉ በሙሉ ማጠብ የበጋ ሥራ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚነጠፈው የፋብሪካ ምንጣፍ አብዛኛው ፊቱ ውሃ የማይጠጣ ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ቶሎ የደረቀ ይመስላል። ውሃው የሚቀረው ከጀርባው ነው፤ ሻጋታውም ሽታውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከማጠብ ይልቅ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አንሥቶ አጥር ላይ ማስጣት፣ ወለሉንም ማናፈስ ይሻላል። ወለሉ አፈር ከሆነ እርጥበቱ ከታችም ይመጣልና ይህ መታለፍ የለበትም።

ጎርፍ የገባበት ዕቃ ጉዳይ የተለየ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈሱ ውሃው የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆሻሻ ሳይቀር ይዞ ይመጣል። የጥጥ ጨርቅ ተቀቅሎ ይድናል። ጎርፍ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ ግን ውስጡን ማጽዳት አይቻልምና፣ ቢያሳዝንም መጣል አለበት።

ጋቢ ሌላ ጠባይ አለው። ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኘውና ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሽመናው ይታወቃል፤ ወንዱም ሴቱም ይፈትላል፣ ይሸምናል። ጋቢ የሚሸመንበት በእንዝርት የተፈተለ ማግ ልል ነው። ልል በመሆኑ ይሞቃል፤ ልል በመሆኑም ጠምዝዘው ሲጨምቁት ይበጠሳል። ስለዚህ ጋቢን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በእጅ ተጫኑት እንጂ አትጠምዝዙት። አራት ድርብ ስለሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አጥፋችሁ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ከቀዘቀዘ ገና ነው፣ ሳጥን ውስጥ አይግባ።

የአልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ሲፈስ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ሳሙና ሲነካው ቢጫው ይቀላል። ጨርቁ ተበላሽቶ አይደለም፤ የእርድ ቀለም ሳሙና ሲያገኝ መቅላት ባሕርይው ነው፣ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እርድ ፀሐይ አይችልም። አጥባችሁ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ስጡት፣ ካልለቀቀም ድገሙት። ደም ከሆነ ግን ሙቅ ውሃ አታስነኩት፤ ሙቀት ደሙን ክሩ ላይ ያረጋዋል። ለቅቤ መጀመሪያ ዱቄት ነስንሱበት፣ ስቡን ይምጠጠው፤ ሳሙናው ከዚያ ይከተላል።

በረኪናን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ለነጭ ጥጥ ጥቂቱ፣ ያውም በብዙ ውሃ ተበርዞ፣ ይሠራል። ጥለቱን ግን ያጠፋል፣ የሱፍ ብርድ ልብስንም ይበላል። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አጎዛም አይዘፈዘፍ፣ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጠጉሩን ብቻ በሳሙና አረፋ አጽድታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት።

ከሳሙናው በፊት እናቶቻችን ነጠላውን ያነጡት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥ ጥሩ አረፋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ የሆነውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ልብስ ያጠብንበት ውሃ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ እንደማይቀር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ይህን የማነሣው ስለ አጎበር ነው። ፎገራ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ አጎበር እንደ ጋቢው የቤት ጨርቅ ነው፤ አያያዙ ግን የምንጣፉ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ መድኃኒቱን ስለሚያደክመው ጥላ ላይ ይደርቃል። በረኪና አይንካው፣ በተራ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ተብሎ ይታጠባል። መድኃኒቱ እስከ 20 እጥበት እንዲቆይ ሆኖ ስለተሠራ፣ ሲያድፍ ብቻ እጠቡት። እባካችሁ ወንዝ ወርዳችሁ አትጠቡት፤ የታጠበበትንም ውሃ ከወንዝና ከጉድጓድ ርቃችሁ መሬት ቆፍራችሁ ድፉት። መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል፤ ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ ደግሞ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራና በርብ ይወጣሉ።